የሟቹ እርሳስ

ሰው በፍቅር የሚወድቀው ዓይን ለዓይን ሲጋጭ ነው ይባላል። የእኔ ዓይን የተጋጨው ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ፎቶግራፍ ጋር ነው። ፎቶው ጥግ ላይ ጥቁር ሪባን ታስሮበት ነበር።

ጊዜው 2016 ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ። ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ሐበሾች ተሰባስበው ለትምህርት ቤት በተከራዩት አሮጌ ቪላ፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጀመርኩበት ቀን። ሃያ ዓመት ሞልቶኛል። የክፍል ጓደኞቼም እንደኔው ትምህርት ያመለጣቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ዘግይቼ ስለገባሁ መቀመጫ ፈለግሁ። ከፎቶው ሥር አንድ ወንበር ባዶ ነበር፤ ሄጄ ዘፍ አልኩበት።

ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«እዚያ አይቀመጥም» አለኝ አንዱ ከኋላዬ።

«ለምን? እግሩ ተሰብሯል?»

«የፀጋአብ ወንበር ነው።»

«ሲመጣ እነሣለታለሁ!»

ማንም አልሳቀም። ቀና ብዬ ፎቶውን አየሁት። ቀጭን ፊት፣ ሰፊ ግንባር፣ ሊስቅ ሲል የተያዘ ከንፈር። ከሥሩ፦ «ፀጋአብ። የክፍላችን አለቃ። በሰሃራ በረሃ ሕይወቱ ያለፈ፣ 2014።»

ደነገጥኩ። ግን አልተነሣሁም፤ ግትር ነኝ። አባቴ «አንቺ ስትሞቺ ሬሳሽ ከቀባሪ ጋር ይከራከራል» ይለኛል። አባቴ አቶ አምኃ ድሮ የፖለቲካ ሰው ነበር፤ ዛሬ ጀብራ ሰፈር ውስጥ ሙከይፍ ይጠግናል፤ አየር ማቀዝቀዣ ማለት ነው። ሕጎች አሉት። ቤታችን ውስጥ አረብኛ የተናገረ እራት የለውም፤ አማርኛዬን የተማርኩት ረሃብ ፈርቼ ነው። ሙከይፍ የሚበራው ለቤተሰብ ብቻ ነው፤ «ለእንግዳ ካበራችሁለት አይሄድም» ይላል። የሰው ስም በጠራሁ ቁጥር ደግሞ ጥያቄው አንድ ነው፦ «የማን ልጅ ነው?» ይቺን ጥያቄ ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ጋሽ በለጠ ይባላሉ። ለፈተና የምንዘጋጅበት የግጥምና የአጭር ልብወለድ መጽሐፍ ነበር፤ ለሠላሳ ተማሪ አንድ! ጋሽ በለጠ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ መጽሐፉን ፎቶኮፒ ቤት ይጥሉታል፤ እሑድ ጠዋት ከተባዙት ገጾች ጋር ይዘውት ይመጣሉ። ከእሑድ እስከ ሐሙስ የሚይዘው የክፍል አለቃ ነው። ከፀጋአብ ወዲህ አለቃ አልነበረም። ወንበሩ ላይ ስላገኙኝ ነው መሰለኝ፣ መጽሐፉን እኔ ፊት አኖሩት።

«ትልቁ ጥያቄ ሁለት ጽሑፍ ማወዳደር ነው» አሉ። «አንድ ጽሑፍ ብቻውን ሊዋሽ ይችላል። ሁለቱን ጎን ለጎን ካስቀመጣችኋቸው አንዱ በሌላው ላይ ይመሰክራል። ምን ያመሳስላቸዋል? ምን ይለያቸዋል? ማስረጃው የቱ ጋ ነው? ማስረጃ የሌለው ንጽጽር ሐሜት ነው!»

የመጀመሪያው ግጥም ባሕር የወሰደው ባሏን ስለምትጠብቅ ሴት ነበር። መብራት ታበራለች፣ እራት ታቀርባለች። ከገጹ ዳር በእርሳስ የተጻፈ አማርኛ አገኘሁ፤ ፊደሎቹ ሁሉ ወደ ቀኝ ያዘነበሉ፦ «ይህች ሴት የምትጠብቀው ባሏን አይደለም። መርዶውን ነው።»

«ይሄን የጻፈው ማነው?» አልኳቸው ጋሽ በለጠን።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ፀጋአብ ነው። ነፍሱን ይማረው! እንደሱ ያለ ተማሪ አላስተማርኩም። መኪናቸው በረሃ ላይ መንገድ ሳተ። አስከሬኑን ያገኙት ሰዎች ማንነቱን የለዩት በመታወቂያው ነው፤ ጃኬቱ ገበር ውስጥ ተሰፍቶ ነበር።»

አዘንኩ። ቢሆንም ስለሞተ ብቻ አልስማማለትም። እርሳሴን አወጣሁና ከሥሩ ጻፍኩ፦ «ተሳስተሃል። ማስረጃህ የታለ?»

እሑድ መጽሐፉ ተመለሰ። ገለጥኩት።

ከጽሑፌ ሥር፣ በዚያው ወደ ቀኝ ባዘነበለ እጅ፦ «ሦስተኛው አንጓ። ያቀረበችው አንድ ሳህን ነው። ሰው የሚጠብቅ ሁለት ያቀርባል።»

አንጓውን አየሁ። እውነትም አንድ ሳህን ነው! ውጭው አርባ ሦስት ዲግሪ ነበር፤ እኔ ግን ጀርባዬን በረደኝ።

አንዱ እያሾፈብኝ ነው ብዬ መጽሐፉን ከትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ሐሙስ ለጋሽ በለጠ በእጄ ሰጠኋቸው። የሳቸውን ጽሑፍ አውቀዋለሁ፤ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። ከማስረከቤ በፊት አንዲት ጥያቄ ጻፍኩ፦ «ማነህ?»

እሑድ፦ «ስሜ ከራስሽ በላይ ተሰቅሏል።»

ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ። ወላሂ፣ ያ ሊስቅ ሲል የተያዘ ከንፈር አሁን የሚስቅ ነው የመሰለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት፦ «ሞተሃል ወይስ አልሞትክም?»

«በወረቀት ሞቻለሁ። ሐሙስ ዕለት እያሳልሽ ነበር። ከርከዴ አፍልተሽ በሙቁ ጠጪ።»

ሐሙስ ዕለት በእርግጥም እያሳልኩ ነበር። መንገድ ላይ፣ ሃፍላ፣ አውቶቡስ ማለት ነው፣ ልይዝ ስሄድ። ማን አየኝ?

ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ጠበል ነው የሚወስዱኝ። ከርከዴውን ግን አፍልቼ ጠጣሁ። ሳሉም ለቀቀኝ። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ እሑድን መናፈቅ መጀመሬ ነው። ቅዳሜ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጸጉሬን ለማን እንደምሠራ ሳላውቅ እሠራለሁ። ለሙት ሰው ጸጉር የምትሠራ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ?

በግቢያችን ኒም ዛፍ ሥር ሻይ የሚያፈሉልን እትዬ ስንቅነሽ ነበሩ። ማዮ ነው ቤታቸው። ሻይ እስኪፈላ መርፌና ክር ከእጃቸው አይጠፋም፤ የተቀደደ ቦርሳችንን፣ የተተረተረ እጅጌያችንን ሁሉ ይሰፋሉ። ትሪያቸው ላይ ሁልጊዜ የተደፋ አንድ ብርጭቆ አለ። ለማንም አይቀዱበትም። ያጥቡትና መልሰው ይደፉታል።

«እትዬ፣ ፀጋአብን ያውቁት ነበር?» አልኳቸው አንድ ቀን።

እጃቸው ቆመ። «ቤቴ ነው የኖረ፣ ልጄ። ከልጄ ከምስጋናው ጋር በአንድ ትሪ የበላ። ዘመድ የለው፤ ያሳደገችው አክስቱም ሞታለች። ለቅሶውን የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ሦስት ቀን። እንባዬ አልቆም አለኝ... ጎረቤቶቼ ‹የወለድሽው አስመሰልሽው› አሉኝ።»

«ምስጋናውስ?»

«ምስጋናዬማ ሊቢያ ነው። አብረው ነው የተነሡት፤ በሁለት መኪና። እሱ ደህና ነው። ስልክ ስለሌለው ነው እንጂ ይደውላል፣ ኢንሻላህ።»

ብርጭቆውን አነሡ፣ ለቀለቁት፣ መልሰው ደፉት።

በዚያው ሳምንት ያነበብነው ልብወለድ ሞተ ተብሎ ስለተለቀሰለት ሰው ነበር። ሰውዬው ወደ መንደሩ ይመለሳል። በአጥር ቀዳዳ የራሱን ለቅሶ ያያል። ሳይገባ ዞሮ ይሄዳል። በዳሩ ላይ የድሮ ማስታወሻ አልነበረም። «ለምን አልገባም?» ብዬ ጻፍኩ።

«ስለዚህ ሰውዬ አትጠይቂኝ» የሚል ነበር መልሱ። እርሳሱ ወረቀቱን በስቶታል።

«ከመጀመሪያዋ ሴትዮ ጋር ማወዳደር አለብኝ። ፈተና ነው!»

«ሁለቱም ይዋሻሉ። ሴትዮዋ ለራሷ፣ ሰውዬው ለሰው።»

ይሄን ሳነብ ፍርሃቴ ወደ ንዴት ተለወጠ። መንፈስ እንዲህ አይጨነቅም! የጋሽ በለጠን ሦስት ጥያቄ ወረቀት ላይ ጻፍኩና የድሮውን ማስታወሻና የአሁኑን ጎን ለጎን አስቀመጥኩ። ምን ያመሳስላቸዋል? እጁ፣ ማዘንበሉ፣ እርሳሱን ተጭኖ መያዙ። ምን ይለያቸዋል? የድሮው ንጹሕ ነው። ከአዲሶቹ አጠገብ ግን ሁልጊዜ የአውራ ጣት ጥቁር አሻራ አለ። በጣቴ ነካሁት፤ እንደ ደቃቅ ዱቄት ለቀቀ። የተባዙትን ገጾች አየኋቸው። ያው ጥቁር ዱቄት!

ሙታን ፎቶኮፒ አያነሡም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ወደ ሃፍላ መያዣው በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለው ፎቶኮፒ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ኦመር ሱዳናዊ ነው፤ ከአማርኛ የሚያውቀው «ሰላም» የምትለዋን ነው። መጽሐፉን ስጠይቀው «ቡክራ፣ ቡክራ» አለኝ፤ ነገ ማለቱ ነው። ልከራከር አፌን ስከፍት ዓይኖቹ ከእኔ አልፈው ወደ መንገዱ ሄዱ። ዞር አልኩ።

ሃቡብ እየመጣ ነበር። ቀይ የአቧራ ግድግዳ፣ ከመንገዱ ማዶ ካሉት ፎቆች የሚበልጥ፣ ያለ ድምፅ እየተንከባለለ። መጀመሪያ ፎቆቹ ጠፉ። ከዚያ መንገዱ። ከዚያ ፀሐይ ራሷ።

«ያላ፣ ያ ቢት! ያላ!» ኦመር ጎትቶ አስገባኝና የብረት መዝጊያውን ወደ ታች ሳበው። መብራት ሄደ። በቀን ስምንት ሰዓት ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ጥርሴ መሐል አሸዋ ይንቀጫቀጫል። ኦመር በጨለማው ውስጥ እየጸለየ ነበር።

ከኋላ ክፍል ጄኔሬተር ተነሣ። ቀጥሎ የማሽን ድምፅ። ሽሽሽ... ቀጥ። ሽሽሽ... ቀጥ። በመጋረጃው ሥር አረንጓዴ ብርሃን ይሄዳል፣ ይመለሳል።

መጋረጃውን ገለጥኩት።

የማሽኑ ክዳን ክፍት ነበር። ብርሃኑ ከሥር ተነሣና ባጎነበሰው ሰው ፊት ላይ ቀስ ብሎ አለፈ። መጀመሪያ አገጩ። ከዚያ ሊስቅ ሲል የተያዘ ከንፈር። ከዚያ ያ ሰፊ ግንባር። ከዚያ ጨለማ።

ክው ብዬ ቀረሁ።

ብርሃኑ ተመለሰ። ቀና ብሎ እያየኝ ነበር።

«ወንበሬ ተመቸሽ?» አለኝ።

«እጅህን... እጅህን ስጠኝ።»

ሰጠኝ። አውራ ጣቱ ጥቁር ነበር። ያዝኩት።

«ትሞቃለህ!»

«ሙከይፍ የለንም» አለኝ።

ሳቅሁ። ቀጥሎ አለቀስኩ። ከዚያ በጥፊ ልለው ሁለት ጣት ያህል ቀረኝ። «ሰው እንዴት በራሱ ሞት ይጫወታል? ፎቶህን በየቀኑ ነው የማየው! ጋሽ በለጠ ስምህን በጠሩ ቁጥር መነጽራቸውን ያወልቃሉ!»

«ቁጭ በይ፣ ሐመልማል። ልንገርሽ።»

ስሜን ያወቀው ከመጽሐፉ ሽፋን ነው። አቧራው ውጭ እያፏጨ፣ ወረቀት ክምር ላይ ተቀምጠን ነገረኝ።

«ምስጋናው ቢጣቃ፣ መታወቂያ፣ አልነበረውም። የኔን ሰጠሁት። እኔ አረብኛ ስለምችል ካሻ፣ የፖሊስ አፈሳ፣ ቢይዘኝ ተናግሬ እወጣለሁ፤ እሱ ግን ፖሊስ ሲያይ ምላሱ ይታሰራል። የሱ መኪና ቀድማ ሄደች። የኔን ወታደሮች ያዟትና ዶንጎላ ሰባት ወር ታሰርኩ። ስፈታ መጀመሪያ የሄድኩት እማ ስንቄ ቤት ነው። በሩ ገርበብ ብሏል። ለጎረቤት ስታወራ ሰማኋት። ‹ፀጋአብን አጣነው፣ ምስጋናዬ ግን ደህና ነው› ትላለች።»

አውራ ጣቱን በሱሪው ጠረገ።

«እና?»

«እና ገባኝ። በኔ ቢጣቃ የተቀበረው እሱ ነው። እኔ በሩን ገፍቼ ከገባሁ ምስጋናው ይሞታል። ለኔ የሚያለቅስ ዘመድ የለኝም፤ እሱ ግን እናት አለው። ስለዚህ ዞሬ ሄድኩ።»

«እንደ ሰውዬው» አልኩት።

«እንደ ሰውዬው። ከዚያ አንድ ሐሙስ ያ መጽሐፍ እዚህ መጣ፤ የራሴ መጽሐፍ። ገለጥኩት። አንዲት ሴት ‹ተሳስተሃል› ብላኛለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ነፍሱን ይማረው› ከማለት በቀር ስለኔ ማንም ምንም አላለም። አንቺ ተከራከርሽኝ። አለመመለስ አቃተኝ።»

ሃቡቡ ሲያልፍ ኦመር መዝጊያውን ከፈተው። ወጥቼ ስሄድ ምላሴ ላይ አሸዋ አለ፤ ልቤ ግን እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ኦመር ሳቁን ደብቆ መጋረጃውን ይገልጥልኛል። እኛ ግጥም እናወዳድራለን፣ እንጨቃጨቃለን። በገጽ ዳር የማይከራከረኝ ነገር የለም፤ ፊት ለፊት ግን ዓይን አፋር ነው።

«ስሜን ጥሪኝ» አለኝ አንድ ቀን።

«ፀጋአብ።»

«ድገሚው።»

«ፀጋአብ... እወድሃለሁ። ይኸው አልኩት! ለሙት ‹ነፍስ ይማር› እንጂ ‹እወድሃለሁ› አይባልም፤ አንተ ግን ሥርዓት አበላሸህብኝ።»

ጥቁሩ ጣቱ ጉንጬን ነካው። ቤት ስገባ አባቴ «ፊትሽ ላይ ጥላሸት ምንድን ነው?» አለኝ። «ፎቶኮፒ» አልኩት። አልዋሸሁም።

ግን ደስታዬ ጎዶሎ ነበር። ሰው ፊት አብሮኝ መሄድ አይችልም። ለአባቴ ስሙን ብነግር «የማን ልጅ ነው?» ይለኛል፤ ምን እላለሁ? የሟች? ከሁሉ የከፋው ደግሞ እትዬ ስንቅነሽ ናቸው። በየቀኑ ሻይ ይቀዱልኛል። በየቀኑ ያንን ብርጭቆ ያጥባሉ። እኔ እያወቅሁ ሻዩን እጠጣለሁ። ስኳሩ ይመረኝ ጀመር።

«ንገራቸው!» አልኩት በመጨረሻ። «በሳቸው ተስፋ ተሸፍነህ የምትኖር ፈሪ ነህ!»

ፊቱ ተለወጠ። «እኔ የተደበቅሁት ለራሴ ይመስልሻል? ሄደሽ ንገሪያታ! ብርጭቆውን ከእጇ ቀምተሽ ስበሪው!»

መጋረጃውን ወርውሬ ወጣሁ። ሁለት እሑድ መጽሐፉ ባዶ ዳር ይዞ ተመለሰ። ሁለት እሑድ እኔም ምንም አልጻፍኩም። ፎቶው ከበላዬ እንደገና የሞተ ሰው ፎቶ ሆነ።

ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ስንወጣ እትዬ ስንቅነሽ ጠሩኝ። ብርጭቆዎቹን በጨርቅ እየጠቀለሉ ነበር።

«ሐመሌ፣ ይሄን ማንቆርቆሪያ ለጋሽ በለጠ ስጪልኝ። እኔ ቅዳሜ ልነሣ ነው።»

«ወዴት?»

«ወደ ሊቢያ። ሰው አግኝቻለሁ፤ መኪናው ከኦምዱርማን ነው የሚነሣው። ልጄ ካልደወለ እኔ እሄዳለሁ። ሄጄ አመጣዋለሁ።»

«እትዬ! ያንን በረሃ? በዚህ ዕድሜዎ?»

«በረሃውን ልጠይቀው እንጂ ምን ላድርግ?» አሉኝ ፈገግ ብለው። ፈገግታቸው ከሃቡቡ ይልቅ አስፈራኝ።

እየሮጥኩ ሱቁ ገባሁ። ኩርፊያዬን መንገድ ላይ ጥዬዋለሁ። ስነግረው ፀጋአብ ማሽኑን አጠፋው።

«ከሄደች ትሞታለች» አለ።

«ትሞታለች።»

ጥቁር እጆቹን አያቸው።

«ነገ ጎህ ሲቀድ» አለኝ። «ጋሽ በለጠን አምጪልኝ። መርዶ ያለ ሽማግሌ አይነገርም።»

ጋሽ በለጠ ጉዳዩን ስነግራቸው ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ፀጋአብን ባዩት ጊዜ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው እንደ ዓይነ ስውር ዳሰሱት።

ዓርብ፣ ሰማዩ ገና ግራጫ ሳለ፣ ማዮ ደረስን። ወገባችን ላይ ነጠላ አደግድገናል። ውሾች እንኳ አልጮሁብንም። የእትዬ ስንቅነሽ በር ገርበብ ብሎ ነበር። ጋሽ በለጠ ከፊት፣ እኔ ከኋላቸው፣ ፀጋአብ አጥሩ ጋ ጥላ ውስጥ።

እትዬ ስንቅነሽ ጥቅላቸው ላይ ተቀምጠው፣ በሰማያዊ ክር የጃኬት ገበር እየሰፉ ነበር። ለመንገዱ መሆኑ ነው። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አለባበስ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ ሐበሻ የለም። መርፌው እጃቸው ላይ ቆመ።

«እመት ስንቅነሽ...» አሉ ጋሽ በለጠ።

«ማን ነው አጥሩ ጋ ያለው?» አሉ እሳቸው።

ፀጋአብ ከጥላው ወጣ።

ጩኸት ጠበቅሁ። ጩኸት አልመጣም። አዩት። ከራሱ እስከ እግሩ፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ማሽኑ ብርሃን።

«እማ ስንቄ...» አለና ጉልበቱ ላይ ወደቀ። «ቢጣቃዬን ለምስጋናው ሰጥቼው ነበር። ሌሊቱን ነው የሰጠሁት፣ አንቺ ሳታይ...»

«ካርዱን ገበሩ ውስጥ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉት።

የሰማሁትን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ጃኬቱ። ገበሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ጋሽ በለጠ የነገሩኝ።

«ምስጋናው ሊሄድ ሲል ‹እማዬ፣ ይሄን እንዳይጠፋብኝ ስፊልኝ› አለኝ። በዚሁ ክር ሰፋሁለት። ከዚያ ‹ፀጋአብ ሞተ፣ ገበሩ ውስጥ ወረቀት ተገኘ› ብለው ነገሩኝ። የማን ገበር እንደሆነ አላጣሁትም። ግን... ምናልባት መንገድ ላይ ጃኬት ተለዋውጠው ይሆናል አልኩ። ምናልባት። በስምህ ሦስት ቀን አለቀስኩለት፤ በስሙ ማልቀስ ግን አልቻልኩም። አንተ እስካልመጣህ ድረስ ምናልባት ነበረኝ።»

«ይቅር በይኝ...»

«ዝምታህ ነው ተስፋዬ የነበረው። ያቃጠለኝም እሱው ነው።» መርፌውን ከገበሩ ነቀሉት። «የሊቢያ መንገድስ ለምን ይመስልሃል? ልጄን ላገኝ? እውነቱን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ነው!»

ያኔ ጮኹ። «ምስጋናዬ! ምስጋናዬ!» በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በስሙ። ማዮ በሙሉ ተነሣ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ፀጋአብም እትዬ ስንቅነሽም እውነቱን ይዘው ሁለት ዓመት ዝም አሉ፤ እሱ ለእሳቸው፣ እሳቸው ለምስጋናው ብለው። የጋሽ በለጠን ጥያቄ መመለስ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ምን ያመሳስላቸዋል? ፍቅራቸው። ሌላውን በእንባ ጨረስኩት።

ለቅሶው ሦስት ቀን ሆነ። ፀጋአብ ምንጣፉ ላይ እንደ ልጅ ተቀምጦ ሰው ተቀበለ። ሊያጽናኑ የመጡት እሱን ሲያዩ «በስመ አብ!» እያሉ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ በዚያ ሐዘን መሐል ሁለት ጊዜ ሳቅ አምልጦኛል። በሦስተኛው ቀን እትዬ ስንቅነሽ ያንን የተደፋ ብርጭቆ አነሡት። ለቀለቁት። ወደ ላይ አቆሙትና ሻይ ቀዱበት። ለፀጋአብ ሰጡት።

«ጠጣ» አሉት። «ብርጭቆ ባዶውን አይኖርም።»

ከክፍላችን ግድግዳ ፎቶውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ሪባኑን ፈትቼ የምስጋናውን ፎቶ ሰቀልንበት። ለፀጋአብ መታወቂያ ለማውጣት ጋሽ በለጠ፣ ኦመርና እትዬ ስንቅነሽ ሕያው መሆኑን መሰከሩለት። እኔ ልመሰክር ብል «አንቺ የጥቅም ሰው ነሽ» ብለው አባረሩኝ። ፈተናውን አብረን ተፈተንን። የሁለት ጽሑፍ ንጽጽሩ ላይ ከኔ በለጠ፤ እስካሁን እየተከራከርኩ ነው።

በዓመቱ፣ ከተዝካሩ በኋላ፣ ሽማግሌ ጀብራ መጣ። ጋሽ በለጠ፣ ሁለት ጎረቤቶች፣ ሙሉ ነጭ ጀለቢያ የለበሰው ኦመር። ወጉ ባይሆንም እትዬ ስንቅነሽ አብረዋቸው ነበሩ፤ «አልቀርም» ብለው። ፀጋአብ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሟል። እኔ ከጓዳ በር ሥር ጆሮዬን ለጥፌአለሁ። ክፍሉ ውስጥ ማራገቢያው ይንቋቋል፤ የሁሉም ግንባር በላብ ርሷል።

ጋሽ በለጠ የመጡበትን ተናገሩ። አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«የማን ልጅ ነው?» አለ።

ጋሽ በለጠ ወለሉን አዩ።

«የኔ ነው» አሉ እትዬ ስንቅነሽ። «ሁለት ነበሩኝ። አንዱን በረሃ በላብኝ። ይሄ የቀረኝ ነው።»

አባቴ አተኩሮ አያቸው። ከዚያ ፊቱን ወደ ጓዳው አዞረ።

«ሐመልማል!» ብሎ ተጣራ። «ልጁን ከፀሐይ አስገቢው። ሙከይፉንም አብሪላቸው።»